አልነሳ ያለችው ዳትሰን

የሟች አባቱን አሮጌ ዳትሰን ሲያድስ የዓመት ፈቃዱን በሙሉ ደሴ፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ጨረሰ። ትናንት እናቱን ጋቢና አስቀምጦ ፒያሳን ሲያዞራት፣ ባሏ ልጆቹን አጭቆ ሐይቅ ይወስዳቸው የነበረበትን ዘመን እያነሳች ከልቧ ስቃ ነበር። ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ሊነዳት ሲል ግን መኪናዋ አልነሳ አለች።

ካንዴላ ቀየረ። ባትሪ ከጎረቤት ተዋሰ። በመጨረሻ ጎማዋን በእርግጫ መታ።

"ምን በደልኩሽ? ትናንት ደህና አልነበርሽም?"

"ተዋት፣ ነገ ትነሳ ይሆናል" አለች እናቱ ከበረንዳው።

"ነገማ ሥራ እገባለሁ፣ እማዬ!"

ያስጠራው መካኒክ ጋሽ መርዕድ የካንዴላ ገመዶቹ የሚገናኙበትን ክዳን ከፈተና "ውስጡ ያለችውን ዕቃ ሰው ነቅሏታል። ያለሷ ሺህ ጊዜ ብትሞክር አትነሳም" አለው።

"ግቢው ተቆልፎ አይደል እንዴ ያደረው? ማን ገብቶ ይነቅላታል?"

እናቱ መጥታ የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ትንሿን ዕቃ ዘረጋችለት።

"አባትህ ነው ያሳየኝ። መኪናዋን ሌባ እንዳይወስድበት ማታ ማታ ይቺን ይነቅል ነበር።"

"ታዲያ አሁን የምን ሌባ መጣብን?"

እሷ ሻንጣውን ከኋላ ወንበር አውጥታ ወደ ቤት ይዛ ገባች።