እኩያ ፍለጋ

«አንዱም አልጠፋም እኮ። ሃያ አራቱንም ቆጥሬ ነው ያስገባኋቸው» አለች ሚስቱ፣ የአዝራር ጠርሙሷን ከፍ አድርጋ እያሳየችው።

እሱ ግን ጠፋ አላለም። ባዶውን የእንቁላል ካርቶን ታቅፎ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ ጠርሙሱን ያያል። ውስጡ ያሉት ጄፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች ናቸው፤ ምስር የሚያካክሉ፣ ጥቋቁር፣ ባለ ሦስት እግር። ላያቸው ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። ለእሱ ግን እንደ ሰው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፦ አንዱ ኤሌክትሪኩን በለጋስነት ያሳልፋል፣ አንዱ ይሰስታል። ሁለት ቀን ሙሉ ለክቶ በካርቶኑ ጉድጓዶች እንደየልካቸው ደልድሏቸው ነበር። እሷ ደግሞ ጠረጴዛው ተዝረክርኮ ብታየው ጊዜ፣ እግዜር ይስጣት፣ አጸዳችለት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋላጇ ትመጣለች። የደሞዝ ሥራውን ጥሎ ስምንት ወር የደከመው የፅንስ ልብ ምት የሚያሰማ መሣሪያ ሠርቶ ለእሷ ክሊኒክ ሊያስረክብ ነው። ሁለቴ መጥታ፣ ሁለቴ በሚስቱ የሰባት ወር ሆድ ላይ ሞክራ፣ ሽሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር የሰማችው የለም። ዛሬም ያው ከሆነ ከሌላ ቦታ እንደምታዝዝ በትሕትና ነግራዋለች። ጄፌቶቹ የመጡት ለዚህ ነው። ዝምተኞች ናቸው፤ እንደ ተራዎቹ ትራንዚስተሮች ሲያዳምጡ አያንሾካሹኩም። ከቤቱ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባውን ጉምጉምታ ለመሰረዝ ግን ሁለት ሆነው መቆም አለባቸው፣ ሁለቱም ቁርጥ እኩያ።

እንደገና መለካት ጀመረ። አንዱን በጣቱ ይዞ ቴስተሩ ላይ ሲደቅነው ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አይቆምም። ሌላውን ያነሣል፤ ያም ይወርዳል። ተነሥቶ በመስኮት መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ሰዓቱን ያያል፣ ደግሞ ወደ መስኮቱ። ሻጩ አታሎኛል፣ ዕቃው ብልሽት ነው እያለ ያጉተመትማል።

ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቆመች።

«በእጅህ እያሞቅኸው እንዴት ይርጋልህ?»

ጣቱን አየ። ሙቀት ሲነካቸው ልካቸው እንደሚቀየር ባለፈው ወር ያስተማራት ራሱ ነው፤ ያውም ግማሽ ቀን ሙሉ፣ ሳትጠይቀው።

ወንበሯን ስባ ቀረበች። ቅንድቧን የምትነቅልበትን ወረንጦ አመጣች። አንዱን በወረንጦ ትተክላለች፣ ትተዋለች፣ ቁጥሩ እስኪረጋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። እሱ እንዲጽፍ ብቻ ተፈቀደለት። ተቀመጥ አለችው፤ ተቀመጠ። ሁለት ቁጥር ጽፎ ተነሣ። ተቀመጥ አለችው። በዚህ ዓይነት አሥራ ሰባት ለክተው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል እስከ መጨረሻዋ ቁጥር የሚገጥሙ ሁለት ተገኙ። ሁለቱን መሣሪያው ላይ በይዶ እንደጨረሰ፣ የመበየጃው ጭስ ሳይጠፋ በሩ ተንኳኳ።

አዋላጇ ሚስቱን ሶፋው ላይ አስተኛች። የመሣሪያውን ድምፅ መቀበያ ሆዷ ላይ ለጠፈች፤ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ከሚስቱ እግር ዘንድ፣ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የአዋላጇን ፊት ያነባል። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ቆየች። ከዚያ ከንፈሯ መቁጠር ጀመረ።

«አለ» አለች። «ጥርት ብሎ ይሰማል። ያ ሽሽሽ የሚለው ጠፍቷል። ልቡም ደህና ነው።»

ሊያመሰግናት አፉን ከፈተ። አዋላጇ ግን ማዳመጫውን ይበልጥ ወደ ጆሮዋ ተጭና ግንባሯን ቋጠረች። ከልብ ምቱ ኋላ ሌላ ነገር አለ፣ ዱብ ዱብ ዱብ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይጀምራል፤ ይህን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቀች።

ሚስቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ሶፋው ግርጌ አየች። የባሏ ተረከዝ የሶፋውን እግር ይደበድባል።

«እሱስ አይስተካከልም ሲስተር» አለች ተመልሳ ጋደም እያለች። «ዘጠኝ ዓመት ሞክሬዋለሁ።»