የበረደው ሻይ

ዲፕሎማቱ ሻዩን አልጠጣም። ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ጠበቃዋ ቤት መዳፉን ብርጭቆው ላይ ከድኖ እንደተቀመጠ ነበር። የጠበቃዋ እናት "ልጄ፣ በረደብህ እኮ፣ ልቀይርልህ" ባለችው ቁጥር "ይኼን ልጨርስ" ይላት ነበር። ጠበቃዋ ገብቷታል። ሻዩ ካለቀ እንግዳው መነሳት አለበት፤ እሱ ከተነሳ ደግሞ ባንዲራ ያለበት መኪናው ከበሩ ላይ ይሄዳል። ያ መኪና እዚያ እስከቆመ ድረስ፣ ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ሊይዟት የሚጠብቁት ሁለቱ ደኅንነቶች በሩን አያንኳኩም።

ሾፌሩ እንደገና አንገቱን ብቅ አደረገ። "ጌታዬ፣ ከኤምባሲ አሁኑኑ ይምጡ እያሉ ነው።"

"ሻይ እየጠጣሁ ነው በላቸው" አለ ዲፕሎማቱ። ድምፁ ግን ራሱንም ያሳመነው አይመስልም።

"ሻይ እንደሆነ ሞልቷል" አለች እናት ማንቆርቆሪያውን እቅፍ አድርጋ። "እስከ ነገም ቢሆን እቀዳለሁ።"

ጠበቃዋ ሳቋ መጣ፤ ለመሳቅ ግን አቅም አጣች። በሰው ብርጭቆ ተከልሎ እስከ መቼ ይኖራል? የሰውየውን መዳፍ ቀስ ብላ አነሳችና የበረደውን ሻይ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

"ይኸው፣ አለቀ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ይሂዱ።"

እሷ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ከየቀዳዳው መምዘዝ ጀመረች። ባለፈው ስትታሰር እስር ቤቱ በር ላይ አስፈትተው የወሰዱባት ክር ሳይመለስላት ቀርቷል። ሁለቱን ክሮች ጠቅልላ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እማዬ፣ እንዳይጠፉብሽ። ስወጣ እፈልጋቸዋለሁ።"