የልብስ ሰፊው ምስጋና

አንጥረኛው፣ ደንበኛቸው መምህርት የመለሰችውን የጠቆረ የብር አምባር በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና ጣቱን ለሴት ልጁ አሳያት። አመድ የነካ መስሏል። አምባሩም በታሸበት በኩል ነጭ ብሩ ፈጦ ወጥቷል።

«ሁለት ሳምንት!» አለ። «መምህርቷ ሁለት ሳምንት እንኳ አላደረገችውም። ሦስተኛው መሆኑ ነው የሚመለስብኝ። እኔ ያጠቆርኩት ብር ባለቤቱ ይሸብታል እንጂ እሱ አይነጣም ነበር።»

ልጁ ሞረዷንና ትንሿን መዶሻዋን በጨርቅ እየጠቀለለች ነበር። አባቷ፣ አንድ ጌጥ ደግሞ ከተመለሰ ከእንግዲህ እዚህ አትሠሪም ብሏት ነበር። ይኸው ተመለሰ።

ቅርጹን የምታወጣው፣ ብሩን በአሸዋ ወረቀት አሽታ የምታዘጋጀው እሷ ናት። ማጥቆሩ ግን የሱ ብቻ ነው። ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል በሩን ዘግቶ ብር የሚያጠቁረውን የድኝ ጓል በሙቅ ውሃ ያሟሟል፤ ብሩን ይነክራል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቀልቃል፣ በብሩሽ ይፈትጋል፣ መልሶ ይነክራል። ስድስቴ፣ ሰባቴ። የሚበረክት ጥቁረት ችኮላ አይወድም። እንግዲህ እሱ ሊሳሳት አይችልምና ጥፋቱ የሷ ሆነ። የእጇ ወዝ ብሩ ላይ እየቀረ ነው፤ አስተሻሸቷ ነው፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ይህን ሦስት ወር ሙሉ ስትሰማ ከርማ እሷም ማመን ጀምራለች።

«እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ነው የምነካው፣ አባዬ» አለች ቀና ሳትል።

«እሱን ተይው። ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም፣ አለቀ።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እሷ ግን ከፋት፤ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

በዚህ መሃል ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው በነሱ ጓሮ በኩል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ መስኮት የገማ እንቁላል ስለሚመስለው የድኙ ሽታ ሲጮህ ኖሯል። አንጥረኛውም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «አፍንጫህን ላስ!»

ዛሬ ልብስ ሰፊው ፈገግ ብሏል። አዲስ የሥራ ሽርጥ አጣጥፎ ይዟል።

«እኔ ሰው ሲያጠፋ ብቻ የምናገር እንዳይመስልህ» አለ። «ሲያለማም አመሰግናለሁ። ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ መስኮቴን በርግጄ ስሰፋ። ሽታው ድራሹ ጠፋ! ምን ዘዴ አገኘህለት?»

«ምንም» አለ አንጥረኛው።

«ምንም ይለኛል እንዴ! በል ይቺን ከትራፊ ጨርቅ ሰፍቼልሃለሁ። እንዳትመልሰው ብቻ፣ አደራ!» ሽርጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረና እያፏጨ ወጣ።

አንጥረኛው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ሦስት ወር። ያ ክፉ ጉንፋን የያዘውም የዛሬ ሦስት ወር ነው። ጉንፋኑ ሲለቀው ሽታ የሚባለውን ነገር ይዞበት ሄደ፤ ሳሙናውና ሽንኩርቱ አንድ ሆኑበት። ለማንም አልተናገረም። ደግሞስ አንጥረኛ በዓይኑና በእጁ እንጂ በአፍንጫው ይሠራል እንዴ? ለካ ይሠራል። የድኙ ኃይል መሞት አለመሞቱን ዕድሜውን ሙሉ የነገረው አፍንጫው ኖሯል፤ ኃይሉ የደከመ ድኝ ደግሞ ብሩን ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያጠቁረው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ? እሱ ጭራሽ ሲያርም አልሸተተውም።

ልጁ ጥቅልሏን ይዛ በሩ ጋ ደርሳለች። ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። አፈረ፤ ፊቱ ጋለ።

«ነይ እስቲ» አላት።

ረግጣት ወደማታውቃት የጓሮ ክፍል ይዟት ገባ። ሦስት ወር ሲሠራበት የከረመውን፣ ክዳኑ የላላውን የድኝ ቆርቆሮ ከፈተላት፤ ጓሉ ግራጫ ዱቄት ሆኗል።

«አሽቺው።»

«ምንም አይሸትም።»

ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ቆርቆሮ አወረደ። ቡኒ ጓል አውጥቶ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣለው። ልጁ በሻሿ አፍንጫዋን አፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አባቷ ግን እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ አፍንጫው ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ይሄስ?» አላት።

የሚቀልድባት መሰላት። ፊቱን አየችው፤ ከልቡ ነበር የሚጠይቃት።

«አባዬ... አይሸትህም?»

«ከጉንፋኑ ወዲህ የለም» አለ። «ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም። የኔ ነው።»

ልጁ ጥቅልሏን አስቀመጠች፤ በአንድ እጇ አፍንጫዋን ይዛ በሌላው የመምህርቷን አምባር በሽቦ አንጠልጥላ አባቷ እንዳሳያት ነከረችው። ቡኒ ሆነ፣ ሐምራዊ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። አለቀለቀችው፣ ፈተገችው፣ መልሳ ነከረችው። በሰባተኛው አባቷ አድርቆ በአውራ ጣቱ አሸው። ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሳ፤ ንጹሕ ነው።

ግድግዳው ተደበደበ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! ገና ከመስጠቴ! ሽርጤን መልስ!»

«እንደ ወትሮው አፍንጫህን ላስ በለው እንጂ» አለች ልጁ፣ አፍንጫዋን እንደያዘች።

«ምን አፍ አለኝ» አለ አንጥረኛው። ወጥቶ ሽርጡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳው፤ ተመልሶም ከኋላዋ ቆሞ፣ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረላት።