ነገ ይሰማል

እትዬ የሺዓለምን የበደላቸው በፍቃዱ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ያለውን የባቡር ማቋረጫ የሚጠብቀው በፍቃዱ።

ባለፈው ክረምት ባላቸው አቶ አባይነህ ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ፣ እትዬ በላዳ ጭነው ወደ ሐኪም ቤት ይበሩ ነበር። ማቋረጫው ጋ ሲደርሱ የብረት ማገጃው ወርዷል። ባቡሩ ግን ኮረንቲ ጠፍቶበት እዚያ ማዶ ተገትሯል።

«አንሳልኝ ልጄ» አሉት። ሰው ለምነው አያውቁም፤ ያን ቀን ለመኑ።

«ትእዛዝ አልመጣልኝም እትዬ። ኮረንቲው ድንገት ከመጣ ባቡሩ ይነሳል።»

ትእዛዙ መጣ። አቶ አባይነህ ግን አልጠበቁትም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጧፍና ሻማቸውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንስተው ማገጃው ሥር ዘረጉ። ቦታው ገበያ የለውም። እሳቸውም ለገበያ አልመጡም፤ «ፊቴን እያየ ይዋል» ብለው ነው። በፍቃዱ ሰላም ሲላቸው ወደ ሐዲዱ ይተፋሉ። ሐዲዱን ግን አይረግጡትም። ኮረንቲው በብረቱ ውስጥ የሚሄድ ስለሚመስላቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ ጅረት ይሻገሩታል።

«እትዬ፣ ኮረንቲው ከላይ በሽቦው ነው» ይላቸዋል ሁልጊዜ።

«አንተን ያመንኩ ዕለት እኔም እሞታለሁ።»

ሐሙስ ዕለት በፍቃዱ ስልኩን መጠለያው ውስጥ በርጩማ ላይ ትቶ ባንዲራውን ይዞ ወጣ። ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድም። ሚስቱ ሜላት ለወሊድ ደሴ እናቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ጆሮው ጠዋቱን ሙሉ እበርጩማው ላይ ነበር። ሲጠራ ግን ባቡር እየመጣ ነው፤ መዞር አልቻለም።

እትዬ የሺዓለም ገብተው አነሱት። የደሴውን ድምፅ ሰሙ፣ ዘጉት፣ ጉያቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«ስልኬን አይተዋል እትዬ?»

«የስልክህ ዘበኛ ነኝ?»

ሻይ የምትሸጠው ሰገን ግን አይታለች። በፍቃዱ ራቅ ሲል ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ይሄስ ግፍ ነው። አባት መሆኑን እንኳ ይስማ እንጂ» አለቻቸው።

«እኔን እዚህ ገትሮ አላስጠበቀኝም? እሱም ይጠብቅ። ነገ ይሰማል።»

«ልብ የለዎትም?»

«ሻይሽ ገነፈለ።»

ወዲያው ጧፋቸውን ጠቅልለው ወደ አፍንጮ በር፣ ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ አቶ ራጉኤል ቤት ወጡ። ሰገን ከንፈሯን መጠጠች። ልጁን ከዕድር ሊያስባርሩት ነው፤ ሴትዮዋ ከያዙ አይለቁም።

አመሻሹ ላይ ተመለሱ፤ ሳህን በፎጣ ቋጥረው።

«ብላ» አሉት።

በፍቃዱ ሳህኑን አየ፣ ሰገንን አየ። «መርዝ የለውም?»

«የኔ መርዝ ምላሴ ላይ ነው፤ ወጥ ውስጥ አልጨምርም። ብላ አልኩህ።»

በላ። እህል ሳይቀምስ ነበር የዋለው። እሳቸው ቆመው እያንዳንዷን ጉርሻ ተከታተሉ። ሊጨርስ ሲል ጎንበስ ብለው የመጨረሻዋን በእጃቸው አጎረሱት። 

«የሜላትን ድምፅ ሳልሰማ ዋልኩ» አለ አፉ እንደሞላ። «ከሰው ስልክ እንዳልደውል ቁጥሯን በቃሌ አላውቀው።»

«ቤትህ ግባና ተኛ። የትም እንዳትሄድ።»

ሳህናቸውን ይዘው ተሻገሩ። ቀሚሳቸውን አልሰበሰቡም።

«እትዬ» አለ በፍቃዱ ከኋላቸው እየሳቀ፣ «ዛሬ ሐዲዱን ረገጡት።»



በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ውቤ በረሃ፣ በፍቃዱ የተከራየባት ክፍል ደጃፍ ላይ፣ እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የዕድሩን ሽማግሌዎች ከኋላቸው አስከትለው በሩን አንኳኩ።