የባሕር ድንጋይ በለቅሶ ቤት

የኤሌክትሪክ ማካፈያው ተነቅሏል። ከዓሣ ገንዳው ጀርባ በጉልበቴ ገብቼ ስዳብስ አገኘሁት፤ ሽቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል። በዚህ ሁሉ ትርምስ መሀል ሽቦ ጠቅልሎ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው። አማቴ፣ እማማ ሸዋዬ።

"እማማ፣ ይኼን የነቀሉት እርስዎ ነዎት?"

ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ፣ ቀና ሳይሉ፣ "እኔ ነኝ" አሉ። "ሦስት ቀን ታገሥኩ፤ ትናንት ጠዋት ነቀልኩት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፣ ሬዲዮኑ ጠፍቷል። ይኼ ከምኑ ይለያል? በለቅሶ ቤት መብራት ሲንቦገቦግ፣ ውሃ ሲንፏፏ፣ የአገር ሰው ምን ይላል?"

ትናንት ጠዋት! ያውም በደብረ ብርሃን ብርድ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ። እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ፤ ቀዝቅዟል፤ ማሞቂያውም አብሮ ጠፍቷል። ትንሽ ትንሽ የብስባሽ ሽታም ጀምሮታል።

መቆጣት ነበረብኝ። አቅሙ ከየት ይምጣ? አምስት ቀን ሙሉ "እግዜር ያጽናሽ" ሲሉኝ "አሜን" ስል ጉሮሮዬ ደርቋል፣ እግሬ አብጧል፣ ድንኳንና ቤት ስመላለስ ገንዳውን ዞር ብዬ እንኳ አላየሁትም። እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ።

"ዓሣ እኮ የለበትም" አሉ፤ ድምፃቸው ፈራ ተባ እያለ። "ድንጋይ ምን ይሆናል ብዬ ነው።"

"ሕይወት ያለው ድንጋዩ ነው፣ እማማ።"

ባሌ ይሁኔ እንዲህ ያለኝ ጊዜ እኔም ስቄበት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ነበር የሚሠራው፤ ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ድንጋዮቹን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ጓደኛው በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣለት። ጨዉን በጥብጦ፣ ድንጋዮቹን ደርድሮ፣ "አሁን መጠበቅ ነው" አለኝ። ድንጋዩ ላይ በመንገድ የሞተው ነገር በስብሶ ውሃውን ይመርዛል፤ በዓይን የማይታዩት ተሕዋስያን ደግሞ ያንን መርዝ እየበሉ ይራባሉ፤ መርዙ ሲያልቅ፣ ያኔ ዓሣ ይገባል። ማታ ማታ ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ የመመርመሪያ ጠብታ ይጨምርበታል፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ፣ ቢጫ ከሆነ ንጹሕ። በሃያ ሦስተኛው ቀን "ቢጫ ሊሆን ምንም አልቀረው" ብሎኝ ተኛ። በማግስቱ ሥራ ቦታው ላይ ልቡ ቆመ።

ይኼን ለእማማ ሸዋዬ በሁለት በሦስት ቃል ነገርኳቸው። ከፍራሹ ተነሥተው አጠገቤ መጡ።

"ታዲያ ገደልኳቸው በይኛ!"

"አላውቅም። እንየው።"

ብልቃጡን አውጥቼ ውሃ ቀዳሁ፣ ጠብታውን ጨመርኩ። ሁለታችንም ወለል ላይ ተቀምጠን አፍጥጠን ጠበቅን። አረንጓዴ ሆነ፤ የለየለት የጎመን አረንጓዴ።

"ብዙው ሞቷል" አልኳቸው። "የተረፈ ካለ ግን፣ አሁን ውሃው ከተላወሰለትና ከሞቀው፣ እንደገና ከሀ ይጀምራል።"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ።

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍሬ? የሰው አፍ ፈርቼ አይደለም። የልጄ ልብ ጸጥ ብሎ ይኼ ሌት ተቀን ሲያጉረመርም ስሰማ አንጀቴ እርር አለ። ቀናሁ። በድንጋይ ቀናሁ!"

"እኔን ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደኝ በዚያ ድምፅ ነበር" አልኩ። "ትናንት ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ያነጋሁት ለካ ለዚህ ነው።"

ውጭ ሚኒባስ ቆመ። የአንኮበር ዘመዶች ናቸው፤ መርዶው ዘግይቶባቸው ዛሬ ነው የሚደርሱት። ለቅሶው ከአጥሩ በር ጀመረ።

"መብራቱ የግድ ነው?" አሉ እማማ ሸዋዬ፣ በጥድፊያ።

"አይደለም። ፓምፑና ማሞቂያው ይበቃል። ድምፁን ግን ምንም ማድረግ አይቻልም።"

"ድምፁን ለእኔ ተይው።"

ሽቦውን ከእጄ ተቀበሉኝ። እስሩን በጥርሳቸው ፈትተው ራሳቸው ሰኩት። መብራቱን አጠፋሁ፤ ፓምፑ አጉረመረመ፣ ውሃው ተንቀሳቀሰ። ሰዎቹ በረንዳው ላይ ደርሰዋል። እማማ ሸዋዬ ገንዳውን ተደግፈው ቆሙና፣ በቀብሩ ዕለት እንኳ ያላወጡትን ድምፅ አውጥተው "ይሁኔ! ይሁኔ ልጄ!" ብለው ጮኹ። ለቀስተኛው በሙሉ ተቀበላቸው፤ ቤቱ ተናወጠ።

በዚያ ጩኸት መሀል ፓምፑ አይሰማም። መዳፌን መስታወቱ ላይ አሳርፌ ነው ንዝረቱን ያገኘሁት።