ባትሪው ተቀበለ?

የቻርጀሩ መርፌ ከዜሮ አልንቀሳቀስ አለ። መካኒኩ በዳሳ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። በሃንጋሩ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች የገባው የቦሌ የጠዋት ፀሐይ በትንሿ አውሮፕላን ነጭ ክንፍ ላይ እንደ ውሃ ይሄዳል፤ ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ የምትንሳፈፍ ትመስለዋለች። ባለንብረቱ ከታሰሩ ወዲህ ሞተሯ ተነስቶ አያውቅም። እሱ ግን ባትሪው ቆሞ እንዳይሞት በየቅዳሜው ቻርጅ ያደርገዋል።

የባለንብረቱ ሚስትም በየቅዳሜው ለባሏ ስንቅ እስር ቤት አድርሳ፣ ያለፈውን ሳምንት ባዶ ምሳ ዕቃ እንዳንጠለጠለች ትመጣለች።

«ባትሪው ተቀበለ?» ትለዋለች።

«ተቀበለ እትዬ። ቻርጅ እስከተቀበለ ድረስ አልሞተም ማለት ነው።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ በአሲዱ ውስጥ የሚፍለቀለቀውን አረፋ ስታዳምጥ፣ ሩቅ አገር የሚዘንብ ዝናብ የምትሰማ ትመስላለች።

ዛሬ ኮቴዋን ሰምቶ ዞረ። «በቃ፣ ይሄስ ሞቷል» ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ምሳ ዕቃው ግን ክንዷን ቁልቁል ይጎትታል። የታሰረበት ጨርቅ ቋጠሮው አልተፈታም፤ ወጡ ፈስሶ ጨርቁን አርሶታል። ስንቅ ከእስር ቤት በር ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

«ተቀበለ?» አለችው፣ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው።

በዳሳ መርፌውን በመዳፉ ሸፈነው።

«ተቀበለ እትዬ።»

ምሳ ዕቃውን ሳታስቀምጥ አጎነበሰችና ጆሮዋን ወደ ባትሪው አስጠጋች። ሃንጋሩ ጭጭ ብሏል። አንዲት አረፋ እንኳ አልነበረችም።

«ይሰማኛል» አለች።