ኖር

በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የዕድራችን ድንኳን ለለቅሶ መተከሉን ትቶ ለስብሰባ መተከል ጀመረ። ከአዲስ አበባ የመጣው ዘማች ተማሪ የማርክስን ሥዕል ምሰሶው ላይ ሰቀለና ሁለት ነገር አስተማረን፤ እግዜር የለም፣ ጌታም የለም።

«ከእንግዲህ ለባላባት ከመቀመጫው የሚነሳ ሰው የአብዮቱ ጠላት ነው» አለ።

አጨበጨብን። ጭብጨባ ቶሎ ይለመዳል።

የዕለቱ አጀንዳ ፊታውራሪ ጓንጉል ነበሩ። መሬታቸው ከተወረሰ ሰንብቷል፤ ያን ቀን ደግሞ ይታሰሩ አይታሰሩ እጅ አውጥተን ልንወስን ነው። እሳቸው እስኪመጡ ዘማቹ ስለ ጨቋኝ መደብ ሲያወራ ጉሮሮው ደረቀ።

በኋላ የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና ፊታውራሪ ከዘራቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው ገቡ።

ድንኳን ሙሉ ሰው ብድግ አለ። «ኖር» አልን በአንድ አፍ። ከሁላችን ጎልቶ የተሰማው የዘማቹ ድምፅ ነበር፤ ያውም ባርኔጣውን አውልቆ። ምን እንዳደረገ ሲገባው እንደቆመ ደርቆ ቀረ።

ፊታውራሪ ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ሰላምታ «በእግዜር» ብለው ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጁን አዩት። ምሰሶው ላይ ያለውን ጢማም ፈረንጅም ቀና ብለው አዩት።

«በማርክስ» አሉ። «ተቀመጡ።»